ጳጉሜ ስድስት ጠዋት

በዚያ ዘመን ሉማሜ ውስጥ ልደቱ የሚከበርለት ሰው አልነበረም። ልደት የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ሲደርስ የወረዳው ሹማምንት በዝናብ ያሰልፉናል፣ እኛም ጭቃ ረግጠን እንዘምራለን። የቀረነው የተወለድነው “በሚካኤል ማግስት” ወይም “ገብስ ሲታጨድ” ነው። ቀኑን የሚያውቅ ዓመቱን አያውቅም፣ ዓመቱን የሚያውቅ ቀኑን አያውቅም። ቀኑም ዓመቱም ከነሰዓቱ የሚታወቅላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም።

እኔ ወደ ሉማሜ የመጣሁት በ1954 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ፣ አዲስ አስተማሪ ሆኜ። እንዳላማው እባላለሁ፤ ቁይ የተወለድኩ የገበሬ ልጅ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄድበት ዘመድ ስላልነበረኝ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት መቀመጥ ለመድኩ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ጋሽ አንሙት ይባላሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆሙ ትንሽ ወደ ፊት የሚያዘነብሉ ሰው። በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩ። ትምህርቱን ሳይጨርሱ ወጥተው ሚስት አገቡ፤ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ሻይ ቤት ከፈቱ። ከተማሩት ሁሉ አብሯቸው የቀረው ባሕረ ሐሳብ ብቻ ነው፤ የበዓላቱና የአጽዋማቱ ቁጥር።

ቁጥሩን ግን ያውቁታል። የዛሬ ዐሥር ዓመት ፋሲካ መቼ ይውላል ቢባሉ የጣታቸውን አንጓ ቆጥረው ብርጭቆው ታጥቦ ሳያልቅ ይናገራሉ። ገበሬው ከሮብ ገበያ ሲመለስ ጎራ ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ ሾፌሩ ይጠይቃቸዋል፣ ቄሶቹም ሰው ሳያያቸው ይጠይቋቸዋል። ስህተት አይወዱም። አንድ ጊዜ ማክሰኞ ያልኩትን ቀን “ረቡዕ ነው” ብለው ተማሪዎቼ ፊት አርመውኛል። ይኸው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ ቀኑም ረቡዕ ነበር።

ከመደርደሪያው ላይ፣ ከስኳሩ ጣሳ ኋላ፣ ጥቁር ልባስ ያለው አንድ ደብተር ነበራቸው። መጀመሪያ የዱቤ መዝገብ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የአንዲት ቀን ደብተር ነው፤ የጳጉሜ ስድስት።

ጳጉሜ በሦስቱ ዓመት አምስት ቀን ናት። በአራተኛው፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ ስድስት ትሆናለች። የጋሽ አንሙት ሚስት አይናዲስ ያረፈችው በ1939 ዓ.ም. በዚያች በስድስተኛዋ ቀን ነው። በዓመቱ ሙት ዓመቷ ሲደርስ ጳጉሜ አምስት ሆና አለቀች። ቄሱ በአምስተኛው ቀን እናስባት ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ አይናዲስ በአምስተኛው ቀን ደህና ነበረች፣ ገብስ ስትፈትግ ነው የዋለችው አሏቸው። በመስከረም አንድ እናድርገው ቢሏቸውም እምቢ። ስለዚህ ሙት ዓመቷን በአራት ዓመት አንዴ ያስቧታል። ያን ቀን በሩ ይዘጋል፣ ምድጃው አይነድም፣ እሳቸውም ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ማታ ሲሆን ደብተሩን አውጥተው በዚያ ቀን ምን እንደሆነ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋሉ። ከተማው ይህን ለምዶ በዚያ ቀን በበራቸው ሲያልፍ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

“ሐሙስ፣ ጳጉሜ 6፣ 1939። አይናዲስ አረፈች” ይላል የመጀመሪያው ገጽ። በ1943 ማክሰኞ ዋለ፤ የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ሁለት በሬ ወሰደ። በ1947 እሑድ፣ በረዶ ገብሱን መታው። በ1951 ዓርብ፣ የጎረቤታቸው የባለ ሱቁ የአብዱልቃኒ ሚስት መርየም ሴት ልጅ ተገላገለች፣ ከሪማ አሏት። እንግዲህ ልብ በሉ። የአብዱልቃኒ ልጅ ልደት ተጽፏል። የራሳቸው ልጅ ልደት አልተጻፈም።

ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። እናቷ የሞተችው እሷን በወለደችበት ቀን ነው። ሰባት ዓመት እስኪሆናት ሮብ ገበያ በምትባል መንደር፣ አክስቷ እትዬ አሰገደች ዘንድ አደገች፤ ከዚያ አባቷ ወሰዷት፣ አክስቲቱም ልጅቱን ተከትለው ሉማሜ ገቡ። እትዬ አሰገደች ደግ ሴት ናቸው፤ ልጅቱ መቼ ተወለድኩ ስትላቸው “ለእንቁጣጣሽ ነው የተወለድሽ፤ ከአበባው ጋር” ይሏታል። አባትየው ይሰማሉ፣ ዝም ይላሉ። ያ ለቀን ስህተት የማይታገሥ ሰው በልጃቸው ላይ የተነገረውን የአንድ ቀን ውሸት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያርሙ ኖሩ።

እኔ ዘንድ ስትማር ሒሳብ አትወድም። ድምፅ ግን ነበራት። ባንዲራ ሲሰቀል የእሷ ድምፅ ከሁሉም ተለይቶ ይሰማል፤ ዳይሬክተራችን እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ጆሮውን ይሰጥ ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ራዲዮ ለእሷ ሁለተኛ ትምህርት ቤቷ ነው። አንድ ዘፈን አንዴ ከሰማች ግጥሙንም ዜማውንም በማግሥቱ ብርጭቆ እያጠበች ታወርደዋለች።

በ1955 ዓ.ም. ጳጉሜ መጀመሪያ ላይ የራዲዮው የባትሪ ድንጋይ አለቀ። እኔ ደግሞ የበዓሉን ዋዜማ ፕሮግራም መስማት ፈልጌ ነበር። የዚያችን ቀን ነገር የነገረኝ ሰው የለም፤ ሉማሜ ከመጣሁ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከአብዱልቃኒ ሱቅ አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ለማንጠግቦሽ ሰጠኋት። እሷም ከዚያ በፊት የነበሩትን ጳጉሜ ስድስቶች ያየችው በልጅነቷ ነው፤ አባቷ አንዳንድ ቀን በር እንደሚዘጉ እንጂ ለምን እንደሆነ አታውቅም።

ረቡዕ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። በሩ እንደ ተዘጋ ነው፤ እኔ በጓሮ በኩል ገብቼ ከእሷ ጋር ቆሜአለሁ። ድንጋዩን ከታ ራዲዮውን ከፈተችው። ያን ጊዜ ለእኛ አዲስ የነበረ የኤሌክትሪክ ጊታር ያለበት ዘፈን መጣ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብም ይመታዋል፤ እሷ ከዝናቡም ከጊታሩም በላይ አድርጋ ታዜም ጀመር። ጋሽ አንሙት ከእልፍኝ ወጡ። ዝጊው አሏት። እሷ ሳቅ ብላ ነገ እንቁጣጣሽ፣ ልደቴም አይደል ወይ አለቻቸው።

“ልደትሽ ዛሬ ነው” አሏት። “ዛሬ እናትሽን የበላሽበት ቀን ነው።”

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ አይቻለሁ፤ ግን የወጣው ወጥቷል። ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። ራዲዮውን ዘጋችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። በማግሥቱ፣ መስከረም አንድ ቀን፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣው አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ አዲስ አበባ ወረደች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ደብተሩን በኋላ አይቼዋለሁ። “ረቡዕ፣ ጳጉሜ 6፣ 1955። ራዲዮው ጮኸ” ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። መሄዷ አልተጻፈም፤ የሄደችው መስከረም አንድ ቀን ነዋ። ለዚያ ቀን ደብተር አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን አራት ዓመታት እንዴት ልንገራችሁ። ጋሽ አንሙት ሻዩን ያፈላሉ፣ ፉርኖውን ይቆርጣሉ፣ ቀን ለጠየቃቸው ቀን ይናገራሉ። ራዲዮው ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ድንጋይ አጥቶ አያውቅም። ለዜናው ነው ይሉኛል፤ ዜናው ሲመጣ ደግሞ ብርጭቆ ማጠብ ይጀምራሉ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሁለት ሰው የሚበላው ቁርስ ሲሠሩ እትዬ አሰገደች ደርሰውባቸዋል። ብቻውን የሚበላ ሰው ሁለተኛውን ድርሻ ምን እንደሚያደርገው አላውቅም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም። እኔም በዚያ ድንጋይ የተነሣ ዓይናቸውን ማየት ይከብደኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አንስተውብኝ አያውቁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም ነበር። ጋዜጠኛው “በዛሬው ቀን” ብሎ ይጀምራል፤ በዛሬው ቀን በእንግሊዝ አገር እገሌ የተባለ ዘፋኝ ተወለደ፣ በዛሬው ቀን በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሸክላ ወጣ፣ ይህን ያህል ሺህ ተሸጠ ይላል። ከዚያ የአድማጮችን የመልካም ምኞት ደብዳቤ ያነባል። ከተሜው ልደቱን በኬክ ማክበር ጀምሮ ነበርና ደብዳቤው ብዙ ነው። ጋሽ አንሙት ይነቅፉታል፤ ቀኑን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ ይህ ሰውዬ በራሱ አገር እንግዳ ነው ይላሉ። ግን አንድም ቅዳሜ አላመለጣቸውም።

በ1959 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ሻይ ቤቱ በዝናብ በተጠለለ መንገደኛ ሞልቶ ሳለ፣ ጋዜጠኛው ዛሬ አንዲት አዲስ ዘፋኝ አቀርብላችኋለሁ አለ። በአንድ ሆቴል ከባንድ ጋር የምትጫወት ናት አለ። ስሟን ጠራ። ማንጠግቦሽ አንሙት። የዚያን ጊዜ ዘፋኞች የአባታቸውን ስም ይለውጡ ነበር፤ ቤተሰብ እንዳያፍር። እሷ አልለወጠችውም። ጋሽ አንሙት የራሳቸውን ስም ከራዲዮ ሲሰሙ ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆሙ።

ጋዜጠኛው ከየት እንደመጣች ጠየቃት፤ ከጎጃም፣ ከሉማሜ አለች። ከዚያ እንደ ልማዱ ልደትሽ መቼ ነው አላት።

“እኔ ቀን የለኝም” አለችው። “የእኔ ቀን የለቅሶ ቀን ነው፤ ለባለቤቱ ትቼለታለሁ።”

ሰውዬው ሙዚቃ ከፈተ። ጋሽ አንሙት ወደ እልፍኝ ገቡ። ብዙ ቆይተው ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ለመንገደኛው ሁሉ ሒሳብ ሳይቆጥሩ ሻይ ቀዱለት። እኔ አጠገብ ሲደርሱ ወረቀት እንዳለኝ ጠየቁኝ።

ደብዳቤውን ሦስት ሳምንት ጻፉት። ለዚያ ለጋዜጠኛው ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን ለልጄ ይነበብልኝ የሚል። ሲጨርሱ እንዳነበው ሰጡኝ። አራት ገጽ ነው። ራዲዮ ሦስት መስመር እንጂ አራት ገጽ አያነብም፣ እንኳን ተወለድሽ ይበሉና ይብቃ አልኳቸው። አንድ ቃል አላወጣም አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ከዚያ አነበብኩት፤ አንብቤም ስጨርስ ቃል ያውጡ አላልኳቸውም።

ስለ ጠዋቱ ነው የጻፉት። ልጅቱ የተወለደችው ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አይናዲስ ደህና ነበረች። በእኛ አገር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ ነው። እትዬ አሰገደች ሦስቱን እልል ብለው ሊያቆሙ ሲሉ አይናዲስ ከመደቡ ላይ ሆና “ሰባት አድርሺልኝ” አለቻቸው። ሴት ናት እኮ ቢሏት ሰባት አለች። ሰባት ሆነ። ጎረቤቱ ወንድ ተወለደ ብሎ በጭቃው እየሮጠ መጣ፤ ሴት ናት ሲባል ሽማግሌዎቹ አኮረፉ፣ አይናዲስ ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ገንፎ በላች፣ ጨምሩልኝም አለች። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታያት ቆይታ ስሟን ማንጠግቦሽ አለቻት። ስታጠባት እስከ ስድስት ሰዓት ቆየች። ደሙ የጀመረው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። ያረፈችው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ደብዳቤው ሲያልቅ እንዲህ ይላል፦ “ልጄ ሆይ፣ ያ ቀን ጠዋትም ነበረው። ጠዋቱ ያንቺ ነው። እኔ ማታውን ብቻ ይዤ ጠዋቱን ቀማሁሽ። እናትሽ አንቺን ስታይ ስትስቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን ያየነው እኔና አክስትሽ ብቻ ነን። ሳልነግርሽ ብሞት ከእኔ ጋር ይቀበር ነበር። የተናገርኩሽን መመለስ አልችልም። ጠዋቱን ግን መልሼልሻለሁ።”

በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ሰኞ ዋለ። የበዓል ዋዜማ ስለሆነ ልዩ የሙዚቃ ፕሮግራም አለ ተብሎ ነበር። ጋሽ አንሙት ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን በሩን ከፈቱ። ምድጃውን አነደዱ፣ ወንበሮቹን ጠረጉ፣ ቄጠማ ጎዘጎዙ። ለመጣ ሁሉ ሻይ ሊያጠጡ ነበር። ማንም አልመጣም። ከተማው የለመደውን ያውቃል፤ በሩ መከፈቱን ያየም የሆነ መዓት የደረሰባቸው መስሎት በሩቁ ዞረ። እኔ የትምህርት ቤት ሥራ ይዞኝ ዐሥር ሰዓት ላይ ብደርስ ሠላሳ ብርጭቆ ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ እሳቸው ከራዲዮው አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በሕይወቴ ያን ያህል ባዶ ቤት አላየሁም።

አንዱን ብርጭቆ እኔ ጠጣሁ። ደብዳቤዎች ተነበቡ፤ ከሐረር፣ ከጎንደር፣ ከጅማ። የእሳቸው አልተነበበም። መጨረሻ ላይ ጋዜጠኛው ሰዓቱን ለሙዚቃ እንለቃለን አለና ባንዱን አስገባ፤ ማንጠግቦሽ ነበረች። ሦስት ዘፈን ዘፈነች፣ በመጀመሪያው ድምፅዋ ሁለቴ ተሰበረ። ስታበቃ ጋሽ አንሙት ራዲዮውን ዘግተው ደብተሩን አወጡ። “ሰኞ፣ ጳጉሜ 6፣ 1959። ደብዳቤው አልተነበበም። ማንጠግቦሽ ሦስት ዘፈነች።” ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱና “አይናዲስ አረፈች” ከሚለው በላይ በቀረው ጠባብ ቦታ ላይ “ጠዋት ማንጠግቦሽ ተወለደች” ብለው ጻፉ። ቀለሙ ሌላ ነው፤ ዛሬም ይለያል።

መስከረም ሳያልቅ አንድ ሾፌር ደብዳቤ አመጣ። ጋዜጠኛው አራቱን ገጽ ማንበብ ቢያቅተው በዚያው ቀን፣ ልትዘፍን ስትገባ፣ ለራሷ ሰጥቷታል። የእሷ መልስ አጭር ነበር። “አባቴ፣ ጠዋት እንደነበረው የነገረኝ አልነበረም። አሁን በአንድ ጊዜ መቀበል አልቻልኩም። ቀኔ ስትመለስ፣ በሚመጣው ጳጉሜ ስድስት፣ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት አትጠብቁኝ።”

አራት ዓመት ማለት ነው። ተናደድኩ። አዲስ አበባ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው፣ አውቶቡሱ በርዎ ላይ ይቆማል፣ ነገ ይሳፈሩ አልኳቸው። ቀን ቆርጣለች አሉኝ። እሷም እንደ እርስዎ ግትር ናት አልኳቸው። ከማውቃቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የተመሰገኑ ያህል ደስ አላቸው። ያችን ቀን ራሳቸው ሃያ ዓመት ወደ ኋላም ወደ ፊትም አላንቀሳቅስም ብለው ልጃቸው ብታንቀሳቅሳት ይቆጡ ነበር መሰለኝ።

ጠበቁ። በ1962 የመጀመሪያ ሸክላዋ ወጣ፤ አብዱልቃኒ ደብረ ማርቆስ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ አንድ ገዛላቸው። ሉማሜ ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው የለም። ጋሽ አንሙት ሸክላውን በመሐል ቀዳዳው ሚስማር ላይ ሰቅለው ጠዋት ጠዋት አቧራውን ይጠርጉለታል። መንገደኛ ምንድን ነው ሲላቸው ልጄ ናት ይላሉ።

በ1963 ግንቦት ላይ ሳል ጀመራቸው፤ ሰኔ ሲገባ መነሣት አቃታቸው። ልጻፍላት ብዬ ለመንኳቸው። ሦስት ወር ብቻ ቀርቷል፣ አታስቸኩላት፣ እደርሳለሁ አሉኝ። እኔም ሞኙ ሰማኋቸው። በመጨረሻው ሳምንት ግን ራሳቸው አስጠሩኝ።

“እንዳላማው፣ ካልደረስኩ መርዶዬን በዚያ ቀን እንዳትነግሯት” አሉኝ። “ያችን ቀን አንዴ ቀምቻታለሁ። ሁለተኛ አልቀማትም።”

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን አረፉ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ሰው ሄዶ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ክረምቱ ከባድ ነው፣ እትዬ አሰገደች ጉልበታቸውን አሟቸዋል፣ እኔ ፈተና ማረም አለብኝ እያልን ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ።

ጳጉሜ ስትገባ ግን ማምለጫ አልነበረኝም። በስድስተኛው ቀን ሉማሜ የሚደርስ ሰው ከአዲስ አበባ በአምስተኛው ቀን ይነሣል፣ የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ያድራል። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ደጀን ሄጄ ጠበቅኋት። አውቶቡሱ በጭቃ ተለውሶ ዐሥር ሰዓት ላይ ገባ። ከስምንት ዓመት በኋላ ነው የማያት፤ ፀጉሯ በከተማው ደንብ ተሠርቷል፣ በብብቷ ሦስት ሸክላ አቅፋለች። ስታየኝ ፈገግ አለችና “መምህር፣ አባቴ ላኩዎት?” አለችኝ።

“አዎ፣ እሳቸው ናቸው የላኩኝ” አልኳት፤ ውሸትም አይደለም። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጎህ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ብቻዬን ነገርኳት። ለምን ዛሬ እንደነገርኳትም ነገርኳት። ሸክላዎቹን እኔ ያዝኩላት። በዚያ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልጽፈውም።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ሉማሜ ደረስን። ዝናቡ አባርቷል። እትዬ አሰገደች ከነጥቁር ልብሳቸው በሩን ከፍተው፣ ምድጃውን አንድደው፣ በምርኩዝ ቆመዋል። አክስትና ልጅ ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ማንጠግቦሽ ቤቱን ዞራ አየችው፤ ራዲዮውን፣ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን የራሷን ሸክላ። አቧራ ይዞ ነበር፣ በነጠላዋ ጠረገችው።

ደብተሩን ከስኳሩ ጣሳ ኋላ አውጥቼ ሰጠኋት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። በሁለት ቀለም የተጻፈው ላይ ቆየች፣ “ራዲዮው ጮኸ” የሚለው ላይም ቆየች። መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አልጋቸው ላይ ሆነው ሲጽፉ አላየሁም ነበርና አጠገቧ ሄጄ አነበብኩት። እጃቸው ተንቀጥቅጧል፣ ግን የእሳቸው ጽሕፈት ነው። “ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 6፣ 1963። ማንጠግቦሽ መጣች።”

“ብቀርስ ኖሮ?” አለችኝ።

“ቀን ቆርጠሽ ነበር” አልኳት።

እትዬ አሰገደች ይህን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ሐዘን ቤት ነው፤ ሬሳው ከወጣ ገና ሰባ አምስት ቀኑ ነው፤ ሊያደርጉ ያሰቡትን ሳውቅ ልይዛቸው ተነሣሁ፣ አልደረስኩም። እልል አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙና ደረታቸውን ይዘው ቀጠሉ። እየቆጠርኩ ነበር፤ ሰባት ሞሉ።

ሰው ከየቤቱ በጭቃው እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የደረሰው አብዱልቃኒ ነው፣ መርየምና ከሪማ ከኋላው፣ ከዚያ ሌላው። አሮጊቷ አብደዋል ብሎ የመጣም ነበረበት። በሩ ላይ ተሰብስበው ጥቁር ለብሰው የቆሙትን ሴት አዩአቸው።

“ማን ወለደ?” አላቸው አብዱልቃኒ።

“አይናዲስ” አሉ እትዬ አሰገደች። “ሴት ናት። ግቡና እዩአት፣ ሻይ ፈልቷል።”